የቆስጣ ኪሽ፦ የሦስት ሳምንት የኩሽና ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ቤቴ እንግዳ አለ። እናቴ፣ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ለቁርስ የረፈደ፣ ለምሳ ገና የሆነ ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ብራንች የሚሉት ማለት ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ሰዓት የማቀርበው ፍርፍርና እንቁላል ነበር። አሁን ግን የአትክልት ኪሽ መሥራት ፈልጌያለሁ። አንድ ጊዜ በደንብ ከቻልኩት ለዓመታት የሚያገለግለኝ ምግብ ነው። ቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል፣ ለብ ብሎም ይበላል፣ እንግዳ እየጠበቀ ማንም ምድጃ ሥር አይቆምም።

ጊዜውም ተመችቶኛል። በዓለ ኀምሳ ላይ ነን። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ያለበትን ነገር በሳምንቱ መሀልም እየሠራሁ መቅመስ እችላለሁ። በሌላ ወቅት ቢሆን ሙከራው ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ላይ ይወድቅብኝ ነበር።

ኪሽን ላልቀመሰ ሰው፦ ከታች ቅቤ የበዛበት፣ ጠርዙ ቀና ያለ፣ ፍርክስክስ የሚል የሊጥ መደብ አለ። በላዩ አትክልት ይደረደራል። ከዚያ እንቁላል ከወተትና ከክሬም ጋር ተመትቶ ይፈስበታል፤ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ይረጋል። አገሩ ሎሬን ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ። ስሙም ከጀርመንኛው ኩኸን ጋር ዝምድና አለው፤ ኬክ ማለት ነው። የሎሬኑ ነባር ኪሽ አትክልት የለውም። እንቁላል፣ ክሬምና የአሳማ ሥጋ ነው፤ በቀድሞው አሠራር አይብም አይገባበትም። አትክልቱ በኋላ የመጣ ነው። እኔ የምፈልገው ይህን የኋለኛውን ነው፣ በቆስጣና በባሮ ሽንኩርት።

ዕቃ ገዝቻለሁ። 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የኬክ ፓትራ፤ ታቹ ተገፍቶ የሚወጣ ዓይነት። ኪሹን ሳይሰበር ለማውጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ የኩሽና ሚዛንም አለኝ።

እሁድ፣ የመጀመሪያው ሙከራ

200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ውሃ በዓይኔ መጠን። እንደ ዳቦ ሊጥ አሸሁት። ልስልስ ብሎ ሲወጣ ደስ አለኝ። ወዲያው ፓትራው ላይ በእጄ ዘረጋሁት።

ቆስጣውን ከትፌ፣ ዝኩኒውን በክብ በክብ ቆርጬ፣ ቲማቲሙን ቀጫጭን አድርጌ ሁሉንም ጥሬውን ደረደርኩ። 4 እንቁላል ከ400 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር መትቼ አፈሰስኩበት። በ180 ዲግሪ 45 ደቂቃ።

ከላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ቢጫና ወርቃማ፣ ቲማቲሙ ጠርዝ ጠርዙን ጠበስ ያለ። ቢላ ስሰድበት ግን ከተቆረጠው አፍ ላይ ውሃ ኩልል ብሎ ወጣ። ሳህኑ ላይ ተኛ። የታችኛው ሊጥ ነጭ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት ዱቄት ይላል። ጠርዙ ደግሞ በተቃራኒው ድርቅ ብሎ እንደ ኮቾሮ ጠንክሯል። ላይ ላዩን በላሁና ሌላውን ተውኩት።

ጣዕሙ ግን ልክ ነበር። ቆስጣና እንቁላል ይስማማሉ። ስለዚህ መጠገን ያለበት ቅመሙ አይደለም፣ ውሃው ነው።

ሰኞ ማታ

ዛሬ አልጋገርኩም፤ መዘንኩ ብቻ። ውሃው ከየት እንደመጣ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

300 ግራም ዝኩኒ በመፈቅፈቂያ ፈቀፈቅኩ። ትንሽ ጨው ነሰነስኩበትና 20 ደቂቃ ተውኩት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ጨመቅኩት። የወጣው ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዝኩኒ ከ100 እጅ 95ቱ ውሃ ነው፤ ቲማቲምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ትናንት ያን ሁሉ ውሃ ነው ከጥሬ ሊጥ ላይ የደፋሁት። ኦቨን ውስጥ አትክልቱ ሲሞቅ ውሃውን ይለቃል፤ እንቁላሉ ደግሞ እየረጋ ስለሆነ መውጫ ያሳጣዋል። ያለው መንገድ ወደ ታች ነው።

ቆስጣውንም ሞከርኩ። ግማሽ ኪሎ ቆስጣ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ መጥበሻ ላይ ሟሽሾ፣ ከተጨመቀ በኋላ ሚዛን ላይ 190 ግራም ሆነ። ከግማሹ በላይ በኖ ወይም ፈስሶ ሄዷል ማለት ነው።

ውሳኔ፦ ቲማቲም ይወጣል። ዝኩኒም ለአሁኑ ይቅር። ቆስጣ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና አንድ ቃሪያ ይበቃሉ። ምንም ነገር ጥሬውን አይገባም። ሊጡም እንቁላሉ ሳይፈስበት በፊት ለብቻው ይጋገራል።

ረቡዕ ማታ፣ ሊጥ ብቻ

የዛሬው ሥራ መደቡ ላይ ብቻ ነው።

እሁድ ያጠፋሁት ሊጡን ማሸቴ ነበር። ዳቦ ሲሆን እናሸዋለን፣ ምክንያቱም እንዲለጠጥና እንዲነፋ እንፈልጋለን። የኪሽ መደብ እንዲለጠጥ አይፈለግም። እንዲፈረካከስ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ እጅ በዛበት ማለት ጠነከረ ማለት ነው።

ቅቤው ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሽምብራ በሚያህል ቆራርጬ ዱቄቱ ውስጥ በተንኩት። ከዚያ በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ሥራ ጀመርኩ። መዳፍ ይሞቃል፤ ቅቤውን ያቀልጠዋል። አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ላይ ይሄዳል፤ ሰው ስለ ብር ሲያወራ እንደሚያደርገው ምልክት። አንዱ ፍሬ ቅቤ ዱቄት ለብሶ ጠፍጠፍ ይልና ይወድቃል። ወዲያው ሌላው ይነሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ሳህኑ ውስጥ ያለው እርጥብ የበሶ ዱቄት መሰለ፤ መሀል መሀሉ ላይ ምስር የሚያካክሉ የቅቤ ቁርጥራጮች ይታያሉ። እዚያ ላይ አቆምኩ። እነዚያ ቁርጥራጮች ያስፈልጋሉ። የገበታ ቅቤ ውስጥ ከ100 እጅ 16 ያህሉ ውሃ ነው። ኦቨን ውስጥ ቅቤው ሲቀልጥ ያ ውሃ ተንኖ ሊጡን ይከፋፍለዋል። ብስኩት የሚመስለው ስስ ንብርብር የሚመጣው ከዚያ ነው።

በሸኖ ለጋ ቅቤ ለመሥራትም አስቤ ነበር። ትንሽ ለይቼ ሞከርኩት። መዓዛው በጣም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። አሬራም ስለሚቀርበት ሊጡ እርጥብ ሆነብኝ። ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃ የለውም፤ መደቡ ንብርብር ሳይሆን እንደ አሸዋ ብትን ነው የሚለው። ለዚህ ሥራ የገበታ ቅቤ ይሻላል።

የበረዶ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። በሹካ አገላበጥኩ። ጭብጥ ሳደርገው ያዘ። ያ ይበቃል። ድቡልቡል አድርጌ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ፣ በላስቲክ ሸፍኜ ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት።

ከዚያ ዱቄት በተነሰነሰ ጠረጴዛ ላይ በመዳመጫ ዳመጥኩት፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት። በመዳመጫው ላይ ጠቅልዬ አነሳሁትና ፓትራው ላይ ፈታሁት። ታቹን በሹካ ወጋጋሁ። የመጋገሪያ ወረቀት አልብሼ፣ ጥሬ ሽምብራ እስከ ጠርዙ ሞልቼ ኦቨን አስገባሁት፤ በ190 ዲግሪ 20 ደቂቃ። ሽምብራው ክብደት ነው፤ ሊጡ እንዳይነፋና ጠርዙ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሽምብራውን አውጥቼ 10 ደቂቃ ጨመርኩ።

ታቹ ደርቆ ወጣ። ስነካው ቆረር ይላል። ጠርዙ ግን በአንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ተኮማትሯል። ፓትራው ላይ ሳስቀምጠው ጥጉ ላይ እንዲደርስ ስቤው ነበር፤ የተሳበ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ተመልሶ ይሰበሰባል። ቀጣዩን ሳልስበው፣ አንስቼ እየጣልኩ ነው ጥጉ ውስጥ የማስገባው። ከጠርዙም ትርፍ አስቀራለሁ። ፓትራውም ኦቨን ከመግባቱ በፊት ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆያል።

ሽምብራው በማሰሮ ተቀምጧል። ከእንግዲህ ለሽሮ አይሆንም፤ ለዚህ ሥራ ግን ደጋግሞ ያገለግላል።

ቅዳሜ፣ እናቴ የመጣችበት ቀን

እናቴ ትኩስ አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ነገርኳት። ኩሽና ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ባሮ ሽንኩርቱን ቀጭን አድርጌ ከትፌ፣ መጥበሻ ላይ ዘይት ልጨምር ስል አስቆመችኝ።

«ምነው ቸኮልሽ? ውሃውን ሳይጨርስ ዘይት ምን ያደርግለታል?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ወጥ አይደለም።»

«ሽንኩርት ሽንኩርት ነው። መጀመሪያ ውሃውን ይጨርስ።»

ልክ ነበረች። ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ መካከለኛ እሳት፣ ቁንጥር ጨው፣ ማማሰል። መጀመሪያ ይጮሃል፤ ያ ድምፅ ውሃው ነው። ቀስ እያለ ድምፁ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሽታው ይለወጣል፤ ከሚያስለቅሰው ወደ ጣፋጩ። ያን ጊዜ ነው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ የገባው። ልጅ ሆኜ ለዶሮ ወጥ ቁሌት ሲቁላላ ስንት ሰዓት እንዳየሁ አላውቅም። ኪሽ ላይ የሚሠራ ነገር መሆኑ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም ነበር። የፈረንሳዩ ምግብ የሚፈልገውን ነገር እጃችን ያውቀዋል።

ቆስጣውን እሷ ወሰደችው። ሟሽሾ ቀዝቀዝ ብሏል። ጭብጥ ሙሉ አነሳች፤ በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ እንደ ዳቦ ቆሎ ሊጥ አንከባለለችው፤ ከዚያ ጨመቀችው። አረንጓዴው ውሃ በጣቶቿ መሀል ወርዶ እስከ ክንዷ ድረስ ሄደ። ድቡልቡሏን ሳህን ላይ አስቀመጠችና ሁለተኛዋን አነሳች። አምስት ድቡልቡል ወጣ። እኔ ተጨምቋል ብዬ ያስቀመጥኩትንም አንስታ ደገመችው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ውሃ ወጣው። ከዚያ ድቡልቡሎቹን እንደገና በቢላ ከተፍናቸውና ከባሮ ሽንኩርቱ፣ ከተፈቀፈቀው ካሮትና ፍሬው ከወጣለት ቃሪያ ጋር መጥበሻው ላይ ለሁለት ደቂቃ አዋሃድናቸው። ቁንዶ በርበሬ፣ በጣም ጥቂት የተፈጨ ገውዝ።

መደቡ በዚህ ጊዜ አልተኮማተረም። አትክልቱን ዘረጋሁ። እንቁላሉን ከወተትና ክሬም ጋር መትቼ አፈሰስኩ። ኦቨን ገባ። ሃያ ደቂቃ እንደሄደ መብራት ጠፋ።

አወጣው ወይስ ልተወው? በሩን ሳልከፍት ተውኩት። ኦቨኑ ሙቀት ይዟል ብዬ ነው። መብራቱ ሲመለስ 50 ደቂቃ አልፏል። መሀሉ ገና ውሃ ነው። ቸኮልኩ፤ 200 ላይ አደረግኩት።

ሲወጣ በጣም ተነፍቶ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ተነፈሰ። ላዩ ተሰነጠቀ። ስቆርጠው ታቹ ደረቅ ነው፤ አትክልቱም ውሃ የለውም። እንቁላሉ ግን ፍርፍር ብሏል። በጎኑ በኩል ጠል የሚመስል ውሃ ያንጠባጥባል። ግራ ገባኝ። ይህ ውሃ ደግሞ ከየት መጣ?

እናቴ ቁራሹን ወደ ብርሃን አስጠጋችና አየችው።

«ይሄማ አይብ ወጣ እኮ። አጓቱን አታዪውም?»

ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠኋትም። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። አይብ የምናወጣው አሬራን በማሞቅ ነው። ሙቀቱ ሲደርስ ፕሮቲኑ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል፣ አጓቱን ይተፋል። አይብ ሲሆን የምንፈልገው ያንን ነው። እንቁላልና ወተትም ሙቀት ሲበዛባቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ከ75 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ልስልስ ብለው ይረጋሉ። ከዚያ ሲያልፍ ይጨማደዱና የያዙትን ውሃ ይለቁታል። ውሃው ከአትክልቱ አይደለም የመጣው። ከራሱ ከእንቁላሉ ነው፤ እኔ ነኝ ያስለቀቅኩት።

ረቡዕ ማታ፣ ሙከራ በሲኒ

ጎረቤቴ ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞ ሜትር አዋሰችኝ። ምድጃዬን 180 ላይ አደረግኩና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አየሁ፤ 205 ይላል። ለካስ እስከ ዛሬ የማምነው ቁጥር 25 ዲግሪ ይዋሸኝ ነበር። ኬኮቼ ለምን ከላይ እንደሚሰነጠቁም አሁን ገባኝ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ብዙ የሚጋግር ከሆነ ከፓትራ በፊት ይህን ዕቃ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሙሉ ኪሽ እያበላሹ መማር ውድ ነው። ስለዚህ የመታሁትን እንቁላልና ወተት በአራት የቡና ሲኒ ቀዳሁ። ሁለቱን በእውነተኛ 160 ዲግሪ፣ ሁለቱን በ190 ጋገርኩ። ከ160ዎቹ አንዱን መሀሉ ሲንቀጠቀጥ አወጣሁት፤ ሌላውን እስኪደርቅ ተውኩት።

የተንቀጠቀጠው አሸነፈ። ሲኒውን ስነካው ጠርዙ ቆሟል፤ መሀሉ ግን በዕቃው ውስጥ እንደረጋ እርጎ እንቅጥቅጥ ይላል። ለ15 ደቂቃ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ መሀሉም ረጋ። በማንኪያ ስቆርጠው ልስልስ ነው፤ ጠብታ ውሃ የለም። የ190ዎቹ ሁለቱም አይብ ሆነዋል።

የእንቁላሉንም ሂሳብ አስተካከልኩ። የምግብ አሠራር መመሪያዎች እንቁላል በቁጥር ሲሉ ትልልቁን የፈረንጅ እንቁላል ነው የሚያስቡት፤ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ነው። የሐበሻ እንቁላል ያነሰ ነው። እኔ የገዛሁት ተሰብሮ ሲመዘን በአማካይ 36 ግራም ሆነ። ስለዚህ መቁጠር ትቼ መመዘን ጀመርኩ፦ 180 ግራም እንቁላል፣ ማለትም 5 የሐበሻ እንቁላል፤ 200 ሚሊ ሊትር ክሬም፤ 200 ሚሊ ሊትር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት። አስኳሉ የሐበሻ ሲሆን ቀለሙ ደመቅ ይላል፤ ኪሹም ያምራል። ወተት ብቻም ይሆናል፤ ክሬም ሲኖረው ግን ሙቀት ትንሽ ቢያልፍበትም ቶሎ አይጨማደድም።

አይቡን በተመለከተ ሦስት ሲኒ ላይ ሞክሬ ነበር። አይብ ብቻ ሲገባ ደረቅ ደረቅ አለ፤ አይቀልጥም። ፕሮቮሎኔ (ጠንከር ያለ፣ የሚቀልጥ የፈረንጅ አይብ) ብቻ ሲገባ ጨው በዛ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጥሩ ነው። አይቡ በጨርቅ ተንጠልጥሎ አጓቱ ከወጣ በኋላ መደቡ ላይ በስሱ ይነጠፋል፤ 60 ግራም የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎኔ ከአትክልቱ ጋር ይደባለቃል። የታችኛው አይብ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ይይዛል፤ መደቡን ይጠብቃል።

ቅዳሜ ማታ፣ ዋዜማ

ሊጡን ጠዋት ሠራሁት። ከሰዓት ዳምጬ ፓትራው ላይ አስገባሁና እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። አትክልቱ ቁሌቱ አልቆ፣ ተጨምቆ፣ በክዳን ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እንቁላሉን ጠዋት እመታዋለሁ።

ወጥመዱን ላለመርገጥ አንድ ነገር አስቤያለሁ። መብራት ቢጠፋ በዚህ ጊዜ የቸኮለ ሰው የለም፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እጀምራለሁ። ኪሽ ለብ ብሎ ይበላል፤ ቀድሞ መድረሱ አይጎዳውም።

እሁድ

12፡40። ኦቨን ተለኮሰ። ቴርሞ ሜትሩ 190 ሲያሳይ ፓትራው ከፍሪዘር ቀጥታ ገባ፤ ሽምብራው በላዩ።

1፡05። ሽምብራው ወጣ። ታቹ ገርጣ ያለ ነው። ተጨማሪ 10 ደቂቃ።

1፡15። ወርቃማ። አንድ የእንቁላል ነጭ በብሩሽ በስሱ ቀባሁትና ለ2 ደቂቃ መልሼ አስገባሁት። ነጩ ደርቆ የሊጡን ቀዳዳ ይደፍናል። በሹካ የወጋጋሁበት ሁሉ ተዘጋ።

1፡25። አይብ ተነጠፈ። አትክልቱ ገባ፣ ሳይጠቀጠቅ። እንቁላሉን በመምቻ ሳይሆን በሹካ ነው ያዋሃድኩት፤ አረፋ ሲበዛ ላዩ ይነፋና ይወርዳል። በወንፊት አጥልዬ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ጠርዙ ጋ ሊደርስ ግማሽ ሳንቲ ሲቀረው አቆምኩ። የተረፈውን ለልጆቹ በሁለት ሲኒ ቀዳሁት።

1፡30። ኦቨኑ 160 ላይ ወርዷል። ገባ። በሩን አልከፍትም አልኩ።

2፡05። በመስታወቱ አየሁ። ጠርዙ ቆሟል። መሀሉ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ገና ነው።

2፡13። ፓትራውን ነካ ሳደርገው መሀል ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህለው ብቻ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። እውነቱን ለመናገር እጄ መልሶ ሊያስገባው ፈልጎ ነበር። ጥሬ ይመስላል። ሲኒውን አስታወስኩና ተውኩት።

ሽቦ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ ቅቤ ቅቤ፣ ባሮ ሽንኩርት ባሮ ሽንኩርት ሸተተ።

4፡40 ላይ እንግዶቹ ደረሱ። ሰላጣ፣ አቮካዶ፣ ዳቦ፣ ሻይ በቅመም አቅርቤያለሁ። ኪሹ ለብ እንዲል 160 ዲግሪ ላይ ለ8 ደቂቃ መልሼ አስገብቼው ነበር። ፓትራውን ጣሳ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀለበቱ ወደ ታች ወረደ፤ ኪሹ ብቻውን ቆሞ ቀረ። የእህቴ ትንሿ ልጅ አጨበጨበች።

ቢላው ሲገባ ታቹ ጋ ደርሶ ቀጭ አለ። የፈለግኩት ድምፅ ያ ነበር። ቁራሹ ተነስቶ ሳህን ላይ ተቀመጠ፤ ቅርፁን ይዞ። ነጩ የአይብ መስመር ከታች፣ አረንጓዴና ብርቱካናማው መሀል፣ ቢጫው ከላይ። ሳህኑ ደረቅ ነው።

እናቴ መጀመሪያ አልበላችም። በሹካዋ የታችኛውን ቅርፊት ገለበጠችና ተመለከተችው። ከዚያ ጎን ጎኑን ጫን አደረገችው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«አሁን ውሃውን ጨርሷል» አለች። ጎረሰች። ቆየት ብላ፦ «ቃሪያው ግን አንሶታል።»

ባልደረባዬ ደግሞ ኦቨን ለሌለው ሰው ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክዳን ባለው ወፍራም መጥበሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት፣ ያለ ሊጥ መደብ እንቁላሉንና አትክልቱን ማርጋት ይቻላል። ያ ግን ኪሽ ሳይሆን የጣሊያኖቹ ፍሪታታ ዓይነት ነው የሚሆነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ አትክልቱን አስቀድሞ ማድረቁ እዚያም ይሠራል።

ለሰባት ሰው አንድ ኪሽ ልክ ሆነ። በ8 ቆርጬው አንድ ቁራሽ ተረፈ። ልጆቹ ሲኒዎቻቸውን በጣታቸው ጠርገው ጨረሱ።

ሰኞ ጠዋት

የተረፈችውን ቁራሽ ከፍሪጅ አውጥቼ ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ ክዳን ሳልከድን፣ በዝቅተኛ እሳት 6 ደቂቃ አሞቅኳት። ማይክሮዌቭ መደቡን ያረጥበዋል፤ መጥበሻ ግን ከታች በኩል መልሶ ያደርቀዋል። ታቹ እንደ ትናንቱ ቀጭ ይላል። እንቁላሉ በአንድ ሌሊት ጠበቅ ብሏል፤ የገውዙ ጣዕም ጎልቷል። ቀጣዩ ላይ ገውዙን በግማሽ እቀንሰዋለሁ። ቃሪያውን ሁለት አደርጋለሁ፤ አንዱን ከነፍሬው።

ጾመ ሐዋርያት ከመግባቱ በፊት ሦስት እሁድ ቀርቶኛል። በሚቀጥለው እንጉዳይ ነው የምሞክረው። እንጉዳይ መጥበሻ ላይ መጀመሪያ ውሃውን አውጥቶ ይዋኝበታል፤ ያ ውሃ እስኪያልቅና ጠርዙ እስኪጠበስ ድረስ መታገሥ ነው። ፓትራውን ግን መጀመሪያ ከእናቴ ማስመለስ አለብኝ። ትናንት ማታ ስትሄድ በፌስታል ይዛው ወጥታለች። የጎመን እንደምትሠራ ነግራኛለች።